በስትሮምቦሊ እሳተ ገሞራ ለመራን አስጎብኚ የቀረበ ምስጋና

በኢጣሊያ፣ ከሲሲሊ በስተሰሜን በምትገኘው የስትሮምቦሊ ደሴት እሳተ ገሞራውን በቅርብ ለማየት በሄድንበት ጊዜ ለመራን ወጣት አስጎብኚ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስሙ በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለገ እዚህ አልጠቅሰውም፤ ወደዚያ ለመጓዝ ያሰባችሁ ግን በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ፣ ፈቃዱን አግኝቻለሁና አገናኛችኋለሁ።

ስትሮምቦሊ 924 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ብዙም ሳያርፍ ሲፈነዳ የኖረ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2019 የደረሰው ከባድ ፍንዳታ የአንድ ተጓዥ ሕይወት ከቀጠፈ ወዲህ ጎብኚዎች እስከ ጫፉ መውጣት ተከልክለዋል፤ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ለመውጣትም ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ግድ ነው። ስለዚህ የጉዞው መልካምነት በአብዛኛው የሚወሰነው በሚመራችሁ ሰው ነው።

ገና ሳንነሳ የእያንዳንዳችንን ጫማና የራስ ቁር ፈተሸ፤ ሶሉ የለሰለሰ ጫማ አድርጎ የመጣውንም መንገደኛ፣ የተራራ ጫማ ተከራይቶ እስኪመለስ ድረስ ጉዞውን አላስጀመረውም። በመካከላችን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ነበሩ። አስጎብኚያችን እርምጃውን በእርሳቸው ልክ አደረገና ቀደም ቀደም የሚሉትን በትሕትና እየመለሰ ሁላችንንም አንድ ላይ አደረሰን። ይህን ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ተጓዡ ለማየት በቸኮለበት ሰዓት ግን ትዕግሥትንና ሥልጣንን አጣምሮ መያዝን ይጠይቃል።

መመልከቻው ቦታ ላይ ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ጋዙ በቅልጡ አለት ውስጥ ተጠራቅሞ ትልልቅ አረፋ እየሆነ እንደሚወጣ፣ አፉ ላይ ሲደርስም ፈንድቶ የጋለ ድንጋይ እንደሚበትን በሚገባ አስረዳን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፍንዳታ ስንሰማና የእሳቱን ፍንጣሪ ስናይ ምን እንደሚከናወን እያወቅን ነበርና፣ ፍርሃታችን ወደ አድናቆት ተለወጠ። ሻራ ዴል ፉኦኮ የተባለውን ወደ ባሕር የሚወርድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት እያሳየን፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 30 ቀን 2002 የዚሁ ቁልቁለት ከፊል ተንዶ ባሕር ውስጥ በመግባቱ ሱናሚ እንደተነሣና መንደሩን እንደመታ ነገረን።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ግን እምቢ በማለቱ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለፎቶግራፍ ሲል ከተከለለው መስመር አልፎ ለመቆም ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚከፍል ቢነግረውም፣ አስጎብኚያችን ድምፁን ሳያነሣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ከለከለው። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ የድኝ ጋዙን ወደ እኛ ማምጣት ሲጀምር፣ ሰዓታችን ገና አላለቀም እያሉ ያጉረመረሙ ቢኖሩም በሬዲዮ ተነጋግሮ ወዲያው እንድንወርድ ወሰነ። ያጉረመረሙትንም በመንገድ ላይ ቀርቦ በአክብሮት አነጋገራቸው።

ለማንኛውም ንቁ እሳተ ገሞራ አስጎብኚ ስትመርጡ፣ ምን ያህል ቅርብ እንደሚያደርሳችሁ ብቻ ሳይሆን በምን ሁኔታ እንደሚመልሳችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን ወጣት የምታነጋግሩ ደግሞ፣ የተፈቀደው ከፍታ እንደ ተራራው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ የመርከብ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሰሞኑን ገደብ ጠይቁት፤ ጉዞው በዚያን ሰሞን የማይመች ከሆነ ሳይሸሽግ ይነግራችኋል።