ስርዝ ድልዝ ነጥብ የሚያስገኝበት ክፍል

የባዮሎጂ ላቡ፣ የቤተ ሙከራ ትምህርቱ ማለት ነው፣ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። ውጤት ገብቷል፤ ስለዚህ ቂምም ይሉኝታም ሳይዘኝ መጻፍ እችላለሁ። የምገመግመው ምግብ ቤት ወይም ስልክ አይደለም። ዲሲ ዙሪያ ካሉት ኮሚኒቲ ኮሌጆች በአንዱ የወሰድኩትን የጀማሪ ባዮሎጂ ላብ ነው። ኮርሱ አራት ክሬዲት ነው፤ ላቡ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሦስት ሰዓት። ነርሲንግ ልግባ የሚል ሰው በዚህ በር ሳያልፍ አይገባም። ከኛ ሰው ደግሞ እዚህ አገር መጥቶ አንድ ቀን እንኳ ነርሲንግን ያላሰበ ማን አለ?

ስለራሴ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ግምገማዬ አይገባችሁም። ጎጃም ውስጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ጊዜው የፕላዝማ ዘመን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ የቴሌቪዥኗ መምህርት ሙከራውን ትሠራለች፣ እኔ ጥግ ይዤ ከተማሪዎቼ ጋር እመለከታለሁ። መብራት ሲጠፋ ሙከራውም አብሮ ይጠፋል። ያኔ ጠመኔ አንስቼ የቀረውን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ማይክሮስኮፕ በመሳል የሚደርስብኝ አልነበረም። እውነተኛው ማይክሮስኮፕ ግን ቢሮ ውስጥ ቁምሳጥን ተቆልፎበት ነበር፤ "ይሰበራል" ተብሎ።

አሁን ዲሲ መሀል ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ዲግሪዬን አስገምግሜ ነበር፤ የባዮሎጂ ላቡን ግን እንደ አዲስ ውሰድ አሉኝ። ተናደድኩ። "እኔ እኮ መምህሩ ነኝ" አልኩ። በሆዴ ነው እንጂ በአፌ አላልኩም።

የመጀመሪያው ቀን ማይክሮስኮፕ የለም፣ ሙከራ የለም። ያለው "ሲለበስ" የሚሉት ወረቀት ነው። አገር ቤት ኮርስ አውትላይን የምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው አስራ አንድ ገጽ መሆኑ ነው። የኛ አውትላይን የምዕራፎች ዝርዝርና የፈተና ቀን ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤት ተረስቶ ይቀራል። እዚህ ውል ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ትፈርማላችሁ። የመጀመሪያው ኩዊዝም ስለ ህዋስ ሳይሆን ስለ ሲለበሱ ነው። ስሰማ ሳቅኩ። ከአስር ስድስት አገኘሁ።

ከሕጎቹ ግማሾቹ ስለ አለባበስና ስለ አፍ ናቸው። ጣት የሚሸፍን ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የታሰረ ፀጉር፣ መነጽርና ጓንት። ምግብ፣ ውሃ፣ ማስቲካ ክልክል። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ በነጠላ ጫማ መጥታ ከበር ተመለሰች። ጥር ነው፣ ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እሷ በነጠላ ጫማ። እነዚህ ልጆች ብርድ የሚባል ነገር አያውቁም። የምግቡ ሕግ እኔን ብዙም አልነካኝም፤ ከሴሚስተሩ ግማሽ ያህሉ ዐቢይ ጾም ላይ ነው የዋለው።

ማይክሮስኮፑ በዚያው ሳምንት መጣ። ለሁለት ተማሪ አንድ። ስትሸከሙት አንድ እጅ አንገቱን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ይደግፋል፤ ይህም ሕግ ነው፣ ነጥብ አለው። ጀማሪ መጀመሪያ የሚያየው ከጋዜጣ የተቆረጠች ፊደል ነው። ማይክሮስኮፑ ምስል እንደሚገለብጥ በዓይን ለማየት ነው። ለሁሉም የእንግሊዝኛ "ኢ" ታደለ። እኔ ኪሴ ውስጥ ከሐበሻ ሱቅ ያነሳሁት የአማርኛ ማስታወቂያ ነበረኝ። አስፈቅጄ አንዲት "ሀ" ቆረጥኩ። ሌንሱ 4፣ የዓይን በኩሉ 10፤ አርባ እጥፍ ጎላች ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ "ሀ" የለችም። "በ" ሆናለች።

"ምስሉ ተገልብጦ ይታያል" እያልኩ ስንት ክፍል ሙሉ ተማሪ አስጽፌያለሁ። ሲገለበጥ አይቼ ግን አላውቅም ነበር። የላብ ጓደኛዬ እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ነች፣ 19 ዓመቷ ነው። አማርኛዋ እንደነገሩ ነው፤ "ጋሼ" ትለኛለች፣ ወዲያው "አንተ" ታስከትላለች። "ጋሼ፣ ለኔ አትለቅልኝም?" አለችኝ። አለቀቅኩም። "ለ"ን ልሞክር፣ "መ"ን ልሞክር ስል ሰዓቱ አለቀ።

ለዕቃውና ለሙከራዎቹ ምንም የምቀንሰው የለኝም። ከእንጆሪ ዲ ኤን ኤ የማውጣቱን ሙከራ ቤት ውስጥ ለልጆቼ ደግሜ አሳይቻቸዋለሁ፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ጨውና ቀዝቃዛ አልኮል ይበቃል። ሳሙናው የህዋሱን ሽፋን ያፈርሳል፣ አልኮሉ ደግሞ ዲ ኤን ኤውን እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጥሎ ያወጣዋል። ስታርች በአይዮዲን የምንፈትሽበት ሳምንት ደግሞ ነጭ ጤፍ ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ ይዤ ሄድኩ። ምግብ ክልክል መሆኑ ትዝ ያለኝ በሩ ላይ ነው። አስተማሪዋ ብልቃጡን አየችና ምንነቱን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ላብ ከገባ ምግብ አይደለም፣ ናሙና ነው። ግን ተመልሶ ወደ ቤት አይሄድም" አለች። ጤፉ አይዮዲን ሲነካው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ብልቃጡ እዚያው ቀረ። የጤፍን ዋጋ የምታውቁ ታዝኑልኛላችሁ።

አሁን ደብተሩ። የላብ ደብተር በእስክሪብቶ ብቻ ይጻፋል። ገጽ አይቀደድም። ፍሉድ አይነካም። ስትሳሳቱ በስህተቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ታሰምራላችሁ፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት። አጠገቡ የስማችሁን መነሻ ፊደላትና ቀኑን ትጽፋላችሁ። ይህንን ሳነብ ስህተት ያለበት ነው የመሰለኝ። አገር ቤት "ስርዝ ድልዝ የሌለበት" የማይል ምን ወረቀት አለ? ጨረታው፣ የሥራ ማመልከቻው፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ሁሉም። እኔ ራሴ በስርዝ ድልዝ ነጥብ እቀንስ ነበር። ንጹሕ ደብተር የጎበዝ ተማሪ ምልክት ነው ብዬ አምን ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት የኦስሞሲስ ሙከራ ሠራን። የስኳር ውሃ በቀጭን ከረጢት ተቋጥሮ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከረጢቱ እየከበደ መሄድ አለበት። በየ10 ደቂቃው አውጥተን እንመዝናለን። የኛ ከረጢት መጀመሪያ ከበደ፣ ከዚያ መቅለል ጀመረ። ቋጠሮው ላልቶ ስኳሩ እየፈሰሰ ነበር። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት ያስተማርኩት ነው። የሚጠበቀውን ቁጥር ደብተሬ ላይ አስፍሬ፣ "አንቺም ጨምሯል ብለሽ ጻፊ" አልኳት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ሚዛኑን አየች፣ እኔን አየች። "ጋሼ፣ ግን አልጨመረም እኮ" አለች።

አፈርኩ። ቁጥሩ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩና ሚዛኑ ያሳየውን ጻፍኩ። ስሜን፣ ቀኑን። በሪፖርቱ የውይይት ክፍል ቋጠሮው እንዴት እንደላላ አስረዳን። ሙሉ ነጥብ አገኘን። ከረጢታቸው እንደ መጽሐፉ የከበደላቸው ጎረቤቶቻችን ግራፉ ላይ "ግራም" ብለው ስላልጻፉ ሁለት ነጥብ ተቀነሰባቸው። እኔ አገር ቤት ሳስተምር ሙከራ ተበላሽቶ አያውቅም ነበር፤ ተሠርቶም አያውቅማ።

ስለ ኩረጃ ያለው ሕግም የኛን ሰው ሊያደናቅፍ ይችላል። ዳታው የጋራ ነው፣ ጽሑፉ የግል ነው። አንዱ ሠርቶ አምስት ስም የሚጻፍበት ግሩፕ ሥራ የለም። በመጀመሪያው ሪፖርት የኔና የልጅቷ ማጠቃለያ ተመሳሰለና ሁለታችንም ተጠርተን ማስጠንቀቂያ ወሰድን። ቁጭ ብለን አብረን ስላሰብነው ነው የተመሳሰለው። ይህ ግን ሰበብ አይሆንም።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ላቡ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምራል፣ በፈረንጆቹ ስምንት። 10 ደቂቃ ያረፈደ ኩዊዙም ያልፈዋል፣ ላቡንም አይሠራም። ሁለት ላብ ያመለጠው ሰው ኮርሱን ይወድቃል፤ ሌክቸሩ ላይ መቶ ቢያመጣም። የኔ ሥራ የሚያልቀው አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ተቀያሪዬ ዘገየ፣ ባቡሩም መንገድ ላይ ቆመ፣ 12 ደቂቃ አረፈድኩ። በሩ ተዘግቷል። በመስታወቱ አየኋቸው፤ መነጽር አድርገው ቆመዋል። አስተማሪዋ ወጥታ በትሕትና አስረዳችኝ። የደህንነቱ ማብራሪያ የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ የቱ ኬሚካል እንደሚያቃጥል ያልሰማ ሰው ማስገባት አልችልም አለች። በዚያ ሳምንት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነበረበት። ልክ ነች። ምንም ልላት አልቻልኩም።

ልክ ያልሆነው ሌላው ነው። ያው ላብ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ክፍል፣ ሐሙስ ማታና ቅዳሜም ይሰጣል። ያመለጠውን ሰው ለምን እዚያ አያስገቡትም? ሲለበሱ በግልጽ ይከለክላል። ምክንያቱን ጠየቅኩ፤ "የኮሌጁ ፖሊሲ ነው" ተባልኩ። አገር ቤት "መመሪያው አይፈቅድም" የሚሉኝን ሰዎች ያገኘሁ መሰለኝ። ሕጉን የጻፈው ሰው ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚማር ሰው አላሰበም። ክፍሉ ውስጥ ግን ከ24 ተማሪ ግማሹ እንደኔ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ልቤ ይመታል። ተቀያሪዬን በየሳምንቱ ሰኞ ማታ ቡና ገዝቼ እለማመጠው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አሳማው መጣ። ያልተወለደ የአሳማ ግልገል ይቀደዳል። ለላብ ተብሎ የሚገደል አይደለም፤ እናቲቱ ለሥጋ ስትታረድ ከሆዷ የሚገኝ ነው። በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት የማይፈልግ ሰው በኮምፒውተር መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ገጽ ሰባት ላይ ነው። አብራን የምትማር አንዲት የሐረር ልጅ አንብባ በጊዜ ኢሜይል ልካለች። እኔ ገጽ ሰባትን ያነበብኩት በአስራ ሁለተኛው ሳምንት ነው።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባቴ፣ አሳማ ልነካ ነው።"

"ልትበላው ነው?"

"ኧረ አይደለም፣ ልቀደው ነው። ለትምህርት።"

ዝም አሉ። "እንግዲህ እጅህን በደንብ ታጠብ" አሉኝ።

ቀደድኩት። ሽታው ለሁለት ቀን ከአፍንጫዬ አልወጣም። እትብቱን ስንቆርጠው ግን ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ ቁልጭ ብለው ታዩ። ኦክስጅን የያዘውን ደም ወደ ግልገሉ የሚያመጣው ደም መልሱ ነው፤ የሌላው ሰውነት ተቃራኒ። ተማሪዎች ሁሌ የሚሳሳቱበት ጥያቄ ነበር። እንዲህ ቢያዩት አይሳሳቱም ነበር።

ስለ ማጠቃለያው ፕራክቲካል ፈተና ብዙ አልልም። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ትዞራላችሁ፣ በየአንዱ 90 ሴኮንድ፣ ደወል ሲደወል ወደ ቀጣዩ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። የሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይ በጠቋሚው ሥር ያለው ህዋስ የቱ የመከፋፈል ደረጃ ላይ እንደሆነ ስትሉ ደወሉ ይደወላል። ስፔሊንግ የሳተ ግማሽ ነጥብ ያጣል። እንደተሰማው በሚጻፍ ቋንቋ ላደገ ሰው ይህ ግፍ ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የወሰደብኝ የተዘጋው በር ሳይሆን ባዶውን ያለፈው የቅዳሜ ወንበር ነው። ለምትገቡ ሰዎች፦ ያገለገለ ላብ ማንዋል አትግዙ፤ ገጾቹ እየተቀደዱ ስለሚሰጡ ግማሹ የለም። መነጽሩን ግን ከጨረሰ ሰው ተዋሱ። የኔ አለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ሰው ቢፈልግ እሰጣለሁ።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር አናቶሚ ተመዝግቤያለሁ። ሲለበሱ ትናንት ደረሰኝ፤ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ አስራ አራቱንም ገጽ ጨረስኩት። በዚህኛው የሚቀደደው ድመት ነው። ለማሳወቅ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ጊዜ አለኝ። ለንስሐ አባቴ ገና አልደወልኩም።