ቤተሰብ ይዞ ለብዙ ቀን የፈረስ ግልቢያ፦ ድንኳን፣ ባለመኝታ ተጎታች፣ ካራቫን ወይስ ሆቴል?

የብዙ ቀን የጽናት ግልቢያ፣ ማለትም በፈረስ ረጅም ርቀት በተወሰነ ጊዜ የሚኬድበት ውድድር፣ ላይ ቤተሰባቸውን ይዘው ሊሄዱ ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የት እንደር?» ብለው ነው። ብዙዎቹ ታዲያ መልሱን የሚፈልጉት ለጋላቢው ነው። ጋላቢው እኮ የትም ይተኛል። 80 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የመጣ ሰው ደረቅ መሬት ላይም ቢጋደም እንቅልፍ አያጣም። መኝታው የሚገዛው ካምፕ ለሚቀሩት ነው።

እስቲ አስቡት። በአሜሪካው የጽናት ግልቢያ ማኅበር ደንብ ለ50 ማይል፣ ማለትም ለ80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚሰጠው ጊዜ አስገዳጅ ዕረፍቶቹን ጨምሮ 12 ሰዓት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሻዛዳ የሚባለው ግልቢያ ደግሞ በ5 ቀን 400 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ጋላቢው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ሲመሽ ደክሞ ይመለሳል። ያን ሁሉ ቀን ሜዳ ላይ የሚውሉት ባለቤቱና ልጆቹ ናቸው። እኛ ሁለት ልጆች ይዘን አራቱንም አማራጭ ሞክረናል፤ የማወዳድራቸውም በእነሱ ዓይን ነው።

ሌሊቱ

የመጀመሪያውን ድንኳን የገዛነው ጉዞው ሲደርስ ተጣድፈን ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዴ እንኳ ተክለን አላየነውም። በሁለተኛው ሌሊት ዝናቡ መጣ፤ ውሃው በስፌቱ በኩል ገባ። ባለቤቴ ልጆቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባቸውና እስኪነጋ ቁጭ ብሎ አደረ። እኔ በማግስቱ ፈረስ ላይ ወጣሁ፤ እሱ ግን የራሰ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ሲያገላብጥ ዋለ። አሁን ድንኳን ስገዛ የዝናብ መከላከያው እስከ መሬት መውረዱን፣ ውስጡም ቆሞ ልብስ ለመቀየር መብቃቱን አያለሁ። «የ4 ሰው» የሚባለው ደግሞ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲተኛ ነው። አራት ከሆናችሁ የ6 ሰው ግዙ።

ባለመኝታ ተጎታች የምለው ከፊት አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ፣ ከኋላ የፈረስ ማደሪያ ያለውን ነው። ይደርቃል፣ ይሞቃል። ትንሽ ልጅ ላለው ሰው መጸዳጃው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ የካምፑ መጸዳጃ በሌሊት ሩቅ ነው። ችግሩ ፈረሱ ከተጎታቹ ጋር ከታሰረ ጎኑን ባከከ ቁጥር አልጋው ይነቃነቃል። ልጆቼ በሁለተኛው ሌሊት ለመዱት፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን አልለመደውም። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፤ ፈረሱ ሲረበሽ ወዲያው እሰማለሁ። ካራቫን፣ ማለትም የፈረስ ማደሪያ የሌለው በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ተመሳሳይ ምቾት አለው፤ ፈረስ ስለማይታሰርበትም አይነቃነቅም።

ሆቴልን በአጭሩ ልለፈው። ለእንቅልፍ ከሁሉም ይሻላል። ነገር ግን ፈረስ ሌሊት ሊታመም ወይም አምልጦ ሊሄድ ስለሚችል ጋላቢው ካምፕ ማደር አለበት። ስለዚህ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። እኛ የምንጠቀምበት በጉዞው መሀል ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ልጆቹ ታጥበው፣ በደንብ ተኝተው ይመለሳሉ።

ቀኑ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካምፑ ብዙ ጊዜ ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው። እኩለ ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ አይገባም። የተጎታቹ ግድግዳም ይግላል፤ ማቀዝቀዣውን ለማስነሳት ጄኔሬተር ያስፈልጋል። ስለዚህ የቱንም ምረጡ፣ ጥሩ ተጣጣፊ ዳስ ጨምሩበት። ባለመኝታ ተጎታችና ካራቫን ከጎናቸው የሚዘረጋ ዳስ አብሯቸው ስለሚመጣ በዚህ ይበልጣሉ። ለብቻው የምትገዙት ከሆነ ካስማውን አጥብቃችሁ ምቱ። ነፋስ ያነሳው ሸራ ሲንጓጓ የጎረቤት ፈረስ ገመዱን በጥሶ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ በልጆቹ አጠገብ ነበር ያለፈው።

ግልቢያው ዞሮ ወደዚያው ካምፕ የሚመለስ ከሆነ ፈረሱ መቀጠል መቻሉ የሚታይበት የእንስሳት ሐኪም ፍተሻ ካምፕ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቤተሰቡ ጋላቢውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያየዋል፤ ሥራም አለው። ልጄ ስፖንጁን ባልዲ ውስጥ ነክራ ፈረሱ አንገት ላይ ትጨምቃለች። ታላቅ ወንድሟ የልብ ማዳመጫውን ከፈረሱ ግራ ክርን ኋላ ለጥፎ ለ15 ሰከንድ ይቆጥርና በ4 ያባዛል። የልብ ምቱ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ከተፈቀደው በታች ካልወረደ ፈረሱ አይቀጥልም፤ ወሰኑ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 64 ወይም 60 ነው። «አስራ አምስት!» ብሎ ሲጮህ 60 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሆቴል የተኛ ልጅ ይህ ያመልጠዋል። እኔ ሆቴልን ለሙሉ ጉዞ የማልመክርበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው።

ካምፑ ሲነሳ

አንዳንዱ ግልቢያ በየቀኑ ከአንድ ካምፕ ወደ ሌላ ይሄዳል። ጋላቢው በፈረስ ይወጣል፣ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ተጎታቹን ነድቶ የሚከተለው ቤተሰቡ ነው። ድንኳን እዚህ ያስመርራል። ጠዋት እርጥቡን ማጠፍ፣ ከሰዓት መልሶ መትከል፣ ከሁለት ልጅ ጋር፣ ለአምስት ቀን። ባለመኝታ ተጎታች እዚህ ተወዳዳሪ የለውም፤ በሩን ዘግቶ መሄድ ነው። ሆኖም ተጎታቹን ወደኋላ መንዳት የሚችል ሰው ከቤተሰቡ መኖር አለበት። ካራቫን ደግሞ ሁለተኛ መኪናና ሁለተኛ ሹፌር ይፈልጋል፣ የፈረሱን ተጎታች የሚጎትት ሌላ መኪና ስላለ። ባለቤቴ ብቻውን ሁለቱን ማንቀሳቀስ አይችልም።

አጣዳፊ ነገር ሲመጣ

ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ፈረሱ ሌሊት ታሞ ወደ እንስሳት ሆስፒታል መወሰድ ካለበት፣ ባለመኝታ ተጎታች ያለው ቤተሰብ ቤቱ አብሮ ይሄዳል። ልጆቹን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሶ አብሮ መጫን ነው። ድንኳን ወይም ካራቫን ካላችሁ ግን አንዱ ወላጅ ፈረሱን ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ከልጆቹ ጋር ይቀራል። ልጅ ሲታመምም እንዲሁ ነው፤ ብቸኛው መኪና ከተጎታች ጋር ተጋጥሞ፣ ፈረሱም ተጎታቹ ላይ ታስሮ ከሆነ ቶሎ መውጣት አይቻልም። ባለመኝታ ተጎታች የገዛ ሰው ተነጥላ የምትቆም አንዲት ትንሽ መኪና ቢያስከትል እመክራለሁ። በተረፈ ድንኳን ውስጥ በጋዝ ምድጃ መሞቅ በፍጹም አይሞከርም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ክብደቱ

ባለመኝታ ተጎታች ሁለት ፈረስ፣ ውሃና ድርቆሽ ሲጫንበት ከ4 ቶን ማለፉ የተለመደ ነው። የብዙዎቹ መጋጠሚያ ጠንካራ ፒክአፕ የጭነት ሳጥን ውስጥ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ስለሚያርፍ የቤት መኪና አይጎትተውም። ፒክአፕ ከሌላችሁ ሂሳቡ የሁለት ግዢ ነው።

እኔ ብሆን

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወጡና ካምፑ ለማይነሳበት ግልቢያ፣ ጥሩ ድንኳን ከጥሩ ዳስ ጋር ይበቃል፤ ገንዘብ ከተረፋችሁ ለፍራሽ ጨምሩ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የምትወጡ፣ ካምፕ የሚቀያየርበትን ግልቢያ የምትወዱና መንዳት የሚችል አጋር ያላችሁ ከሆነ ባለመኝታ ተጎታች። ሁለት መኪናና ሁለት ሹፌር ላለው፣ በተለይ ሕፃን ለያዘ ቤተሰብ፣ ካራቫኑን እመርጣለሁ። ተጎታቹንም ሆነ ካራቫኑን ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ግልቢያ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ሲያልቅም መጀመሪያ ካምፕ የዋለውን ሰው ጠይቁት።