አንድ ዓይነት ጨው፣ ሁለት ሱቅ

የጨዉን ስም አልጽፍም፤ ጠቤ ከሻጩ ጋር እንጂ ከጨዉ ጋር አይደለም። ደሴ ከሰፈሬ ሱቅ የገዛሁት አዮዲን ያለው የአንድ ኪሎ እሽግ ነው። ደቃቅና ነጭ ነው፤ እንደ ጥሬው ጨው ጠጠር ልቀም፣ ውቀጥ አይልም። «አዮዲን ወጥ ያመራል» ለሚሉ ጎረቤቶቼ ምስር በሁለት ድስት ሠርቼ በሁለቱ ጨው አቀረብኩላቸው። የለየ አልተገኘም፤ ሁለቱም ድስት ተጠረገ።

የወሎ ደጋ፣ የደላንታ ልጅ ነኝ። አያቴ አንገቷ ላይ እንቁላል የሚያህል እንቅርት ስለነበራት ነጠላዋን በሐምሌም በግንቦትም እስከ አገጯ ትጠመጥም ነበር። ከምንጩ የምንቀዳው ውሃ ጥርስ የሚያደነዝዝ፣ የጠራ ውሃ ነው፤ በእሱ የሚመጣብንን ሰው አንወድም። ግን እንቅርት የሚመጣው አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲጎድል ነው፤ ውሃም አዮዲን የሚያገኘው ከሚያልፍበት አፈር ነው፤ የደጋን አፈር ደግሞ ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት አጥቦታል። ውሃውን ብናፈላው ብናጣራው የሌለውን አይጨምርለትም። የሚፈለገው እኮ ኢምንት ነው፦ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። ያቺ ስትጎድል ግን ጉዳቱ እንቅርት ብቻ አይደለም፤ የሚወለደው ልጅ አእምሮም ይጎዳል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ባለሱቁ እሽጎቹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ደርድሯቸዋል። ከሥር በጆንያ የተከፈተ ጥሬ ጨው አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ተደንግጓል ብዬ ስነግረው «ይኼ ለከብት ነው» አለኝ፤ ዓይኔ እያየ አንዲት ሴት ለወጥ ሁለት ኪሎ አስመዘነች። ፀሐዩን ሳነሳበት ደግሞ «አብሽሪ እትዬ፣ ጨው አይበላሽም» ብሎ ሳቀ።

ጨው አይበላሽም፤ አዮዲኑ ግን በፀሐይና በእርጥበት ይቀንሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አዮዲን ያለውን ጨው ሰማያዊ የሚያደርገውን የመመርመሪያ ጠብታዋን ይዛ ቤቴ ስትመጣ ሦስት ቁንጥር ጨው በሳህን ላይ አቀረብኩላት። የጆንያው ነጭ እንደሆነ ቀረ። የመስኮቱ እሽግ ፈዛዛ ሐምራዊ ሆነ። ሦስተኛው ያው ዓይነት እሽግ ነው፤ የገዛሁት ግን ካርቶኑን ጓዳ ከሚያስቀምጥ ሌላ ሱቅ ነው። እሱ እንደ ቀለም ጠብታ ደማቅ ሰማያዊ ወጣለት። ልጄ «እማዬ፣ ድገሚው» ብላ አስደገመችን።

ለጨዉ ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ላስቲኩ ከተቀደደ በኋላ መልሶ ስለማይዘጋ ነው፤ ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጬ ከምድጃው አርቄ አኖረዋለሁ፣ አዮዲኑ በእሳት እንዳይቀንስም ወጥ ላይ የምጨምረው ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው። ቡናችንንም በጨው የምንጠጣ ሰዎች ጀበናው ውስጥ ከምናፈላው ሲኒው ላይ ጣል ብናደርገው ይሻላል። ለመጀመሪያው ሱቅ አንድ ኮከብ፤ እሷም ሚዛኑ ስለማይሰርቅ ነው።