ከነዕቃው የሚከራይ ቤት በድሬዳዋ፦ ጠቅልሎ ለመግባት ለሚያስብ ሰው ይረዳል ወይስ ያታልላል?

ከቶሮንቶም ይምጣ ከጅዳ፣ አገሬ ልግባ አልግባ እያለ የሚያመነታ ሰው ዛሬ ዛሬ መጀመሪያ የሚያደርገው ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከነዕቃው ቤት ተከራይቶ አንድ ወር መሞከር ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሙከራውን የሚያበላሸው የወሩ ምርጫ ነው። አብዛኛው ሰው ታኅሣሥ 19ን ቁልቢ ገብርኤል ውሎ፣ ገናንና ጥምቀትን አክብሮ ይመለሳል። በእነዚህ ሳምንታት ድሬ ሌሊቱን ቀለል ያለ ሹራብ ታስለብሳለች፣ ዘመዱም በየቀኑ ይጋብዛል። አቦ፣ እንዲህማ ከሆነ ማን ይጠላል! ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ሌሊቱም እንደልብ አይበርድም። ለውሳኔ የሚረዳው ያ ወር ነው። ልጆች ያሉት ሰው ትምህርት እስኪዘጋ መጠበቁ ስለማይቀር ሰኔ መጨረሻ ላይ ይምጣ። የበዓል እንግዳ ስለማይኖርም ከአከራይ ጋር ለመደራደር ይመቻል።

ከቤቶቹ የምናስቀድመው ከዚራ ያሉትን የባቡር ዘመን ቪላዎች ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳና የዛፍ ጥላ ያላቸው ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ዘግቶ መጋረጃ ለጋረደ ሰው በቬንትሌተር ብቻ ያስተኛሉ። ችግራቸው ውስጣቸው ነው። የድሮ የብረት ቧንቧቸው በደለል ስለጠበበ ሻወሩ ክር ያህል ይወርዳል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩም ኤሲ ሲጨመርበት ብሬከሩን ይጥላል። ሳቢያን ያሉት አዳዲስ ፎቆች ቧንቧቸውም መስመራቸውም የተሻለ ነው፤ የመጨረሻውን ፎቅ ግን አንመክርም። የኮንክሪት ሶሌታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ሙቀቱን የሚለቀው ሰው ሊተኛ ሲል ነው። ቤት ለማየት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሄዶ ኮርኒሱን በእጅ መንካት ነው። ደላሎች ጠዋት ማሳየት የሚወዱት ያለምክንያት አይደለም።

የድሬ ውሃ ጨዋማና ካልሲየም የበዛበት ነው። ቤቱን ሲያዩ ከሁሉ በፊት የሻይ ማፍያውን ከፍተው ወደ ውስጥ ይመልከቱ፦ ግርጌው ላይ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ፣ የሻወር ማሞቂያው ሬዚስተንስም እንደዚያው ለብሷል፤ ብዙ መብራት ይበላል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ማፍያውን ለማጽዳት ኮምጣጤና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ አሙቆ ግማሽ ሰዓት መተው ይበቃል። የሻወሩን ራስ ደግሞ ኮምጣጤ ባለበት ፌስታል ውስጥ አስሮ ማሳደር ነው። ለመጠጥ ሌላ ውሃ ይዘጋጅ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ካልሲየሙን ሁሉ አያስወግደውም፤ ጨዋማነቱንም አይነካውም።

ሮቶው ስንት ሊትር ነው? 4 ሰው በቀን 300 ሊትር ቢፈጅ 2,000 ሊትር ከ6 ቀን ብዙም አያልፍም። ውሃው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ካልመጣ ቦቴ ማስገልበጥ ይመጣል፤ ወጪው የማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ። ጣራ ላይ ወጥቶ የሮቶውን ክዳን ማየትም ግዴታ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል። የደንጌ ትኩሳት ትንኝ ደግሞ የምትነክሰው በቀን ስለሆነ የአልጋ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ መስኮቱ ላይ ወንፊት ከሌለ ቤቱ አልተሟላም።

ኤሲ ያለበት ቤት ከተመረጠ ሒሳቡ እነሆ። 12 ሺህ ቢቲዩ የሆነው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሌሊት ለ8 ሰዓት ያህል ከሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ይሄዳል። ታሪፉ በፍጆታ መጠን እያደገ ስለሚሄድ «መብራት ከኪራዩ ጋር ነው» የሚል አከራይ ኤሲውን ሲያበሩበት ሐሳቡን ይቀይራል። የመግቢያውን ቀን የቆጣሪ ንባብ በስልክ ፎቶ ያንሡ። ካርድ የሚሞላ ከሆነም ካርዱን ይረከቡ፤ ቅዳሜ ማታ ሲያልቅ አከራይ ተፈልጎ አይገኝም።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ቤት፣ ነፋሻ ነው ቢባልም፣ ይቅር። ወንዙ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የሚወርደው ከሐረርጌ ደጋ ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ሠራተኛና ሹፌር ያለው «ሙሉ ፓኬጅ» ለእረፍት ያምራል፤ ለሙከራ ግን የሚፈለገውን ነገር ሁሉ ይደብቃል። ቀፊራ ገበያ በጠዋት ራስዎ ይገብዩ፣ ቀትር ላይ ሱቁ ሲዘጋና ከተማው ለጫት ሲቀመጥ ጉዳይዎን እንዴት እንደሚያስፈጽሙ ይዩ፣ ሌሊት ከቤቱ ድል ጮራ ሆስፒታል በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይለኩ። ወጪውን በብር ብቻ ይመዝግቡ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በዶላር ላሰላ ሰው ሁሉ ነገር ርካሽ ይመስለዋል፤ እዚህ ሠርቶ የሚኖር ሰው ግን ደመወዙ በብር ነው።

ሙቀቱን አልችልም ያለ ሐረርን ይሞክር። ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ያስተኛል፤ ጀጎል ውስጥ ነደባ (ከፍ ያለ የመቀመጫ መደብ) ባለው የአደሬ ቤት የሚያሳድሩም አሉ። እዚያ ፈተናው ውሃ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የከተማው ውሃ ከድሬ በኩል ሽቅብ በፓምፕ ይገፋል፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይዘገያል። ሐረር ላይ ሮቶ ሁለት ይሁን።

ስለ ወረቀቱ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ በወር የሚያከራይ ሰው የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ እንዳለው ይጠየቅ፤ የ6 ወር ቅድሚያ ከጠየቀ ይታለፍ። ኪራዩ በብር ይጻፍ፣ በባንክ ይከፈል። የደላላው ኮሚሽን ቤት ከማየት በፊት ይወሰን፤ አለበለዚያ በር የከፈተው ዘበኛ ሳይቀር ድርሻ ይጠይቃል። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከሌለው የ30 ቀኑን ትቶ የ90 ቀኑን የቱሪስት ቪዛ ይውሰድ፣ ወሩ አልበቃ ሲል ማራዘሚያ ፍለጋ አይሮጥም።