መብራት በፈረቃ፦ ከካሜራዬ ጋር ዘጠኝ ወር

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ዳይኖሰርም ኳስም ግድ አይሰጠውም፤ የእሳት አደጋ መኪና ካየ ግን የያዘውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ባለፈው ጁላይ ከካልጋሪ ቫንኩቨር በመኪና እንሂድ ስንባባል የእሱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ በየከተማው የእሳት አደጋ ጣቢያው ጋ ቆመን ፎቶ እናነሳለን። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው መንገድ ላይ ስንት ከተማ እንዳለ ሳልቆጥር እሺ አልኩት። ካሜራውንም ለዚሁ ብዬ ነው አንድ ወር ቀድሜ የገዛሁት።

ሞዴሉን አልጠራም፤ ይሄው ጠባይ ያላቸው ሌሎችም አሉ። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ባትሪው ቀን ሙሉ ይዘልቃል፣ ተራራና ሐይቅ ላይ ቀለሙ አያሳፍርም። ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ መብራት ብቻ ነው።

ካንሞር፣ ጎልደን፣ ሬቨልስቶክ፤ በሦስቱም ያገኘናቸው መኪኖች መብራታቸው ጠፍቶ የቆሙ ስለነበሩ ምንም አልጠረጠርኩም። ጉዱ የወጣው ካምሉፕስ ሳንደርስ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ካናዳ ውስጥ አብዛኛው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ቀን መካኒክ ወይም አስተማሪ ሆኖ ውሎ ጥሪ ሲመጣ የሚሮጥ። የልምምድ ማታ አላቸው፤ እኛም የደረስነው በዚያው ማታ ሆነ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ልጄን ሲያዩት የራሳቸውን ቆብ አጠለቁለት፣ ሹፌር ወንበር ላይ አወጡትና ያለውን መብራት በሙሉ አበሩለት። ጣሪያው ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ቀይና ነጭ እየተፈራረቀ። ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ 43 ፎቶ አነሳሁ።

ማታ ሆቴል ገብተን ላፕቶፕ ላይ ስናየው በ29ኙ ላይ መብራት የለም። ጭራሽ የለም፤ ለጥገና የቆመ መኪና ነው የሚመስለው። በቀሩት ላይ ደግሞ መብራቱ በአግድም ተቆርጧል፤ ላዩ በርቷል፣ ታቹ ጠፍቷል፣ መሀሉ ላይ ጥቁር መስመር እንደ ነጠላ ጥለት ተጋድሟል። ልጄ «አባዬ፣ መብራቱን ማን አጠፋው?» አለኝ። አገር ቤት መብራት በፈረቃ ሲሆን ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ካናዳ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬው የእሳት አደጋ መኪና መብራት ኤልኢዲ ነው። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል ክሩ ግሎ ቀስ ብሎ የሚበርድ አይደለም፤ በቅጽበት ይበራል፣ በቅጽበት ይጠፋል። የእኔ ካሜራ ደግሞ ሜካኒካል ሻተር፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ፣ የለውም። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰሩ ምስሉን ባንዴ አይወስድም፤ ከላይ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ እያነበበ ነው የሚወርደው፣ ታች እስኪደርስም የሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ይፈጅበታል። እሱ እያነበበ ሳለ መብራቱ በርቶ ጠፍቷል። የሜካኒካል ሻተር መጋረጃ ግን ያንኑ መንገድ በሰከንድ 1/250ኛ ገደማ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። ፈገግታው አሁንም ከፊቴ አልጠፋም። «ሜካኒካል ሻተር ያለፈበት ነው፤ ያረጃል፣ ይሰበራል፤ ይሄ ግን ድምፅ የለውም» ነበር ያለኝ። ወንድሜ፣ ድምፅ አለመኖሩ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የማነሳው እኮ ሳይረኑ ጆሮ የሚበጥስ መኪና ነው! የካሜራዬን ቀጭ የምትል ድምፅ ሰምቶ የሚደነግጥ የእሳት አደጋ መኪና አይተህ ታውቃለህ? ካልጋሪ ባለችበት በአልበርታ ክፍለ ሀገር 5 በመቶው የፌዴራል ታክስ ብቻ እንጂ የክፍለ ሀገር ታክስ አለመኖሩን ሳይቀር እንደራሱ ውለታ ቆጥሮልኝ ነበር። «ምን ልታነሳበት ነው?» የምትለዋን ጥያቄ ግን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ እውነቱን ለመናገር ጎልማሳ ሰው ሆኜ «የእሳት አደጋ መኪና» ማለት አሳፍሮኝ ነው።

መላ አልፈለግኩም አትበሉ። የሻተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ወደ ሰከንድ 1/30ኛ አወረድኩት፤ መብራቱ ብዙውን ጊዜ መጣ፣ ጥቁሩም መስመር ሳሳ። ግን ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ የእሳት አደጋ መኪና አጠገብ ቆሞ ሲዘል 1/30 ምን እንደሚያወጣ አስቡት፤ መኪናው ጥርት ብሎ ልጁ እንደ ጭስ። 1/500 ላይ ልጁ ጥርት ይላል፣ መኪናው ይጠፋል። ልጄንና መብራቱን ባንድ ፎቶ ያገኘሁት በዚያ ሁሉ መንገድ አራት ጊዜ ነው። ለሰልፍ ብቻ የሚያወጡት አሮጌ መኪና ላይ ግን፣ በሞተር የሚዞር አምፖል ያለው፣ ካሜራው እንደ ጨዋ ልጅ ነበር። አምፖሉ ሁልጊዜ በርቶ ነው የሚዞረው፤ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ከካምሉፕስ በኋላ ፈጣኑን የኮኪሃላ መንገድ ትተን በፍሬዘር ሸለቆ በኩል ወረድን። ሊተን ላይ ቆም አልን። ጁን 29 ቀን 2021 ሙቀቱ 49.6 ዲግሪ ደርሶ የካናዳ ሪከርድ የተመዘገበባት መንደር ናት፤ በማግስቱ አብዛኛው ክፍሏ ነደደ። ልጄ «የእነሱ መኪና የት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አላገኘሁለትም። እዚያ ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣሁም።

ስንመለስም አንድ ነገር ሆነ። መብራቱን አብርቶ ለቆመ የነፍስ አድን መኪና ቫንኩቨር ያለችበት የብሪትሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር በትልቁ አውራ ጎዳና ላይ ወደ 70፣ አልበርታ ደግሞ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ቀንሰህ እለፍ ይላሉ። ባንፍን አልፈን አደጋ ያለበት ቦታ ላይ ሁላችንም ቀስ ስንል ባለቤቴ ካሜራውን ከጭኗ ላይ አነሳች። «ተይው፣ ሰው ተጎድቶ ይሆናል» አልኳት። እሷም «ተጎዳም አልተጎዳ በዚህ ካሜራ የሚታይ ነገር የለም» ብላ ካሜራውን ጭኗ ላይ መለሰችው።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። የመመለሻ ቀኑ አልፏል። ሌላ ሻጭ ነበር፤ ፎቶዎቹን አገላብጦ አየና «ብልሽት አይደለም፣ ጠባዩ ነው» አለኝ። ስለ አስቸጋሪ በቅሎ እንጂ ስለ ካሜራ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጓደኛዬ 12 ዓመት የሞላውን፣ ጎኑ በፕላስተር የተያዘ ካሜራውን አዋሰኝና ሰፈራችን ያለው ጣቢያ ሄደን ሞከርነው። እሱም ቢሆን ብልጭታው በጠፋበት ቅጽበት ሲመታ ይስታል፤ መብራትን ለሁለት ሲሰነጥቅ ግን አላየሁትም።

አናዳጁ ነገር ልጄ ከሁሉም መርጦ ግድግዳው ላይ የለጠፈው ፎቶ የተቆረጠውን መሆኑ ነው። «ይሄኛው ብልጭ ድርግም እያለ ነው» ይላል። ያን ቀን ካሜራውን ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በማግስቱ የክሬዲት ካርዱ ሂሳብ መጣ።

ሰኞ ዕለት ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ። ማብራሪያው ላይ «የእሳት አደጋ መኪና፣ አምቡላንስና ፖሊስ ለሚያነሳ ሰው አይሆንም» ብዬ ጻፍኩበት። እስካሁን የደወለ የለም፤ ባለቤቴ ያቺን ዓረፍተ ነገር አጥፋት ትለኛለች።