«ማዮማ ያቀልጣል» ለሚባለው ጠርሙስ ብራችሁን እንዳትሰጡ

እህቶቼ፣ በተለይ ሐዋሳ ያላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ቲክቶክ ላይ «ማዮማን (የማህፀን እጢን) ያለ ኦፕራሲዮን በ3 ወር እናቀልጣለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ 9,000 ብር ከፍያቸዋለሁ።

አልትራሳውንድ ላይ እጢው 6 ሴንቲ ሜትር ነው ተባልኩ። ገና አልወለድኩም፤ ኦፕራሲዮን ሲሉኝ ማህፀኔን ሊያወጡት ነው ብዬ ፈራሁና ለእነሱ ደወልኩ። አረብ ሰፈር አንድ ልጅ ከባጃጅ ሳይወርድ ሦስት ጠርሙስ አቀበለኝ። ላዩ ላይ የቅጠል ሥዕል አለ። ምን እንዳለበት፣ የት እንደተሠራ፣ መቼ እንደሚበላሽ የሚል ጽሁፍ ግን የለም። ብሩን በግለሰብ አካውንት ነው ያስገባሁት፣ ያለ ደረሰኝ።

ከዚያ ደሙ ባሰብኝ። በየሰዓቱ ሞዴስ እቀይራለሁ፣ ማታ ፎጣ አንጥፌ ነው የምተኛው። ስደውል ስልኩን የምታነሳው ሴትዮ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ እንዳታቋርጪ» ትለኛለች። እሷን አምኜ ሁለት ወር ሙሉ ደሜን አፈሰስኩ። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ እህቴ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሄሞግሎቢኔ 6.4 ሆኗል፤ ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። እጢው ደግሞ 7 ሴንቲ ገብቷል።

ዶክተሯ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ እጢ ነው፣ የሚጠጣ ቅጠል አቅልጦ አያወጣውም። ካንሰርም አይደለም። ካላስቸገረ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ደም ለሚበዛባት ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ኪኒን አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕም አለ። መውለድ ለምትፈልግ ደግሞ እጢውን ብቻ አውጥተው ማህፀኑን የሚተዉበት ኦፕራሲዮን አለ፣ ማዮሜክቶሚ ይባላል። ይሄን ቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ!

ሴትየዋ «መከላከያ ስለወሰድሽ ነው የመጣብሽ» ብላኝ ስንት ቀን ራሴን ስወቅስ ነበር። እናንተ ራሳችሁን አትውቀሱ። አሜሪካ በተደረገ ጥናት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከ100 ጥቁር ሴቶች ከ80 በላይ፣ ከነጮቹም ወደ 70 የሚጠጉት ማዮማ አለባቸው። እኛ ጥቁሮች ላይ ቶሎ ይጀምራል፣ ቁጥሩም መጠኑም ይበዛል።

አሁን የአይረን ኪኒን እየወሰድኩ ነው፤ ደሜ ሲሞላ ማዮሜክቶሚው ይሠራልኛል። ሴትየዋ ብሬን ስጠይቃት ብሎክ አደረገችኝ። ትናንት ያው ቪዲዮ በሌላ ስም ወጥቷል፣ ዋጋው 12,000 ገብቷል።