በድሬዳዋ የእርግዝና ክትትል፦ ሁለት ጊዜ የተለካው የደም ግፊት

የመጀመሪያ እርግዝናዬን ክትትል የጀመርኩት በ11ኛው ሳምንት፣ ከሳቢያን ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው በ30ኛው ሳምንት አራተኛ ቀጠሮዬን ጨርሼ ነው። በቀድሞው አሠራር አራተኛው ቀጠሮ የመጨረሻው ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ካወጣው ምክር ወዲህ ግን ቀጠሮው ቢያንስ ስምንት እንዲሆን ስለተወሰነ ገና አራት ይቀረኛል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው አዋላጅ ነርሷን ነው። የመጀመሪያው ቀን ከባጃጅ ወርጄ በጥድፊያ ስለገባሁ ግፊቴ 142 በ90 ሆነ። እርሷ ግን ቁጥሩን ካርዱ ላይ ከማስፈሯ በፊት ማራገቢያው ሥር አስቀመጠችኝ፤ እግሬን እንዳላነባብር ነግራ፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማ ስትለካኝ 118 በ76 ወረደ። በየቀጠሮው ግፊቴን ሳትለካ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ መኖሩን ሳትጠይቅ አትሸኘኝም፤ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ 140 በ90 የደረሰ ግፊት፣ በተለይ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ፣ ለእናትም ለፅንስም አደገኛ መሆኑን ያስረዳችኝ እርሷ ናት። የምግብ እጥረት እንደሌለብኝ ለማየት የክንዴን ዙሪያ በጥብጣብ ለክታ ከ23 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆኑን አረጋገጠች። ባለቤቴን ከክፍሉ አስወጥታም ቤት ውስጥ የሚመታኝ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ፤ በወቅቱ ቅር ቢለኝም ኋላ ትክክል እንደሆነች ገባኝ። በአጎበር ውስጥ መተኛቴንም ጠይቃለች፤ ወባ ለሚያውቀን ለድሬዳዋ ሰዎች ይህ የወግ ጥያቄ አይደለም።

ላቦራቶሪው ግን ቅሬታ አለብኝ። አገልግሎቱ በነፃ መሆን ሲገባው፣ የምርመራ ኬሚካል አልቋል ተብዬ የደም ዓይነቴንና ሾተላይ የሚያሰጋኝ መሆን አለመሆኑን በግል ላቦራቶሪ ከፍዬ አሠርቻለሁ። የሄሞግሎቢን ውጤቴ 10.4 ሆኖ ሳለ ወረቀቱን የሰጠኝ ባለሙያ «ደህና ነው» ብሎ ሸኘኝ። ከ11 በታች የደም ማነስ መሆኑን ያወቅኩት በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ ወረቀቱን ስታገላብጥ ነው፤ የአይረን እንክብሉን በሻይ በወተት እውጥ እንደነበርም ያን ዕለት ተጋለጠ። ሻይና ወተት አይረኑ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ስለሚያግዱ አሁን በውኃ እውጣለሁ፤ ሻዩን ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ እጠጣለሁ።

ለመሄድ ያሰበች ሁሉ ማልዳ ትድረስ፣ ውኃም ትያዝ፤ የመጠበቂያው በረንዳ ማራገቢያ የለውም።